ጨለማውን አትዝለሉት፦ የድሮ ፊልሞችን የኦርኬስትራ ሙዚቃ ቤት ውስጥ በወጉ ለመስማት

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ እኔ ዘንድ መጥቶ አደረ። ከእራት በኋላ «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ»ን ከፈትኩለት። ማያው ጥቁር ነው፤ ምንም ምስል የለም። ከበሮው ግን መደለቅ ጀምሯል፤ ኦርኬስትራውም ተከትሎ ተነሥቷል። ልጁ ትንሽ ጠበቀና «ቲቪህ ተበላሽቷል እንዴ?» አለኝ። መልሴን እንኳን ሳይሰማ ሪሞቱን አንሥቶ ወደፊት አስሮጠው። አራት ደቂቃ የሚጠጋ የሞሪስ ዣር ሙዚቃ በሁለት ሰከንድ አለቀ።

አልፈረድኩበትም። ያ ጥቁር ማያ ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑን ማን ነግሮት ያውቃል? ፊልሙ በ1962 ሲወጣ ተመልካቹ ሲኒማ ቤት ገብቶ ወንበሩን እየፈለገ፣ መጋረጃው ገና ሳይከፈት፣ ኦርኬስትራው ይጫወትለት ነበር። እኛ ሳሎን ውስጥ መጋረጃ የለም። ስለዚህ ብልሽት ይመስላል።

የድሮ ፊልም ከሲኒማ ቤት ወጥቶ እኛ ቤት እስኪደርስ ሙዚቃው በብዙ ትንንሽ መንገድ ይሸራረፋል። ዲስኩ ያፈጥነዋል። ቲቪው ያፍነዋል። አዲስ የድምፅ ቅንብር ይለውጠዋል። የቀረውን ደግሞ እኛ እንዘለዋለን። ከዚህ በታች ያለው የተሸራረፈውን አንድ በአንድ የማስመለሻ አካሄድ ነው። ውድ ዕቃ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

1. በአንድ ፊልም ጀምሩ፣ እሱም «ካዛብላንካ» ይሁን

ብዙ ሰው የፊልም ሙዚቃ ልስማ ሲል በትልቁና በረጅሙ ይጀምራል። እኔ አልመክርም። 102 ደቂቃ ብቻ የሚፈጀው የ1942ቱ «ካዛብላንካ» ይበቃል። ሙዚቃውን የሠራው ማክስ ስታይነር ነው፤ ቪየና ተወልዶ ሆሊውድ የገባ ሰው።

ይህን ፊልም የመረጥኩበት ምክንያት ቀላል ነው። ዋናው ዜማ የስታይነር አይደለም። «አዝ ታይም ጎዝ ባይ»ን ኸርማን ሀፕፌልድ የጻፈው በ1931 ነበር። ስታይነር ዘፈኑን አልወደደውም፤ የራሱን ሊተካበት ፈልጎ ነበር ይባላል። ለዚያ ግን አንዳንድ ትዕይንቶች ዳግም መቀረጽ ነበረባቸው። ዋናዋ ተዋናይት ኢንግሪድ በርግማን ደግሞ ለሚቀጥለው ፊልሟ ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች። ነገሩ አበቃ። ያልወደደውን ዜማ ይዞ ቀረ። ታዲያ ምን አደረገ? ፊልሙን በሙሉ በእሱ ሠራው።

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ዜማው በመጣ ቁጥር አንድ ጭረት አስምሩ። የመጠጥ ቤቱ ሙዚቀኛ ሳም ፒያኖው ላይ ሲጫወተው አንድ ምልክት፣ ኦርኬስትራው ሲቀበለው ሌላ ምልክት አድርጉ። የቤቱ ባለቤት ሪክ ሳምን ሊቆጣ መጥቶ የድሮ ፍቅሩን ኢልሳን ያየባትን ቅጽበት በተለይ ጠብቁ። ፒያኖው ክፍሉ ውስጥ ያለ ፒያኖ ነው፤ ሁሉም ሰው ይሰማዋል። ቀጥሎ የሚመታው የኦርኬስትራ ድምፅ ግን ክፍሉ ውስጥ የለም። የሚሰማው ሪክ ውስጥ ነው። ይህን ልዩነት አንዴ ከሰማችሁት ሌላው ሁሉ ይቀላችኋል።

(ሳምን የሚጫወተው ዱሊ ዊልሰን በሙያው ከበሮ መቺ ነበር። ፒያኖ አይችልም። ጣቶቹን ካያችሁ በኋላ ሳቃችሁን መቆጣጠር የእናንተ ፈንታ ነው።)

2. የዲስኩን ጀርባ አንብቡ

ዛሬ ብዙዎቻችን ፊልም የምናየው በኢንተርኔት ነው። የድሮ ፊልም ሙዚቃ ለሚወድ ግን ዲስክ አሁንም ይሻላል። ምክንያቱን በቀጣዮቹ ቁጥሮች ታዩታላችሁ።

ከመግዛታችሁ ወይም ከውጭ ከማስላካችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ የዓለም ምልክትና ቁጥሯን እዩ። ዲቪዲ ዓለምን በክልል ይከፋፍላል። አሜሪካ 1 ነው። አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2 ናቸው። ኢትዮጵያ 5 ውስጥ ናት። እኔ አንድ ጊዜ ዋሽንግተን ያለ ዘመዴ በስንት መከራ የላከልኝን ዲስክ ከፍቼ ማጫወቻው አላነበውም አለኝ። ቁጥሩ 1 ነበር። ዲስኩ ምንም አልሆነም፤ ማጫወቻው ነው አላውቅህም ያለው።

ብሉሬይ ላይ ክፍፍሉ ይቀንሳል። አሜሪካ ኤ ሲሆን አውሮፓ፣ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ በአንድ ላይ ቢ ናቸው። ስለዚህ ለንደን ወይም ስቶክሆልም ያለ ወንድማችሁ የሚልከው ብሉሬይ አዲስ አበባም ይሠራል። ፎርኬ ዲስክ ደግሞ ጭራሽ የክልል ቁልፍ የለውም።

በኮምፒውተር የምታዩ ከሆነ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የዲቪዲ ማንበቢያው ክልሉን እንድትቀይሩ የሚፈቅድላችሁ አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በመጨረሻው ላይ ተቆልፎ ይቀራል። «እስቲ ልሞክረው» እያሉ መነካካት እዚህ ጋ አያዋጣም።

3. ፊልሙ እየሮጠ እንዳይሆን አረጋግጡ

ይህን ክፍል ሰው አያውቀውም። እኔም ሳላውቀው ዓመታት አልፈዋል።

ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ነው። በአውሮፓም በእኛም አገር የተለመደው ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ግን የሚሄደው በሰከንድ 25 ነው። ካሴትና ዲቪዲ አምራቾች ቀላሉን መፍትሔ ወሰዱ፤ ፊልሙን በ4 በመቶ አፈጠኑት። ዓይን ይህን አያውቅም። ሙዚቃው ግን ይፈጥናል፤ ድምፁም ሽቅብ ይወጣል፤ ግማሽ ድምፅ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው። ክራር የሚቃኝ ሰው የአንድ አውታር ልዩነት እንዴት እንደሚቆረቁር ያውቀዋል። እዚህ ግን አንድ አውታር ብቻ አይደለም፤ ኦርኬስትራው በሞላ ነው አብሮ የሚወጣው። ወፍራሙ ቼሎ ይቀጥናል። ሐዘኑ ትንሽ ይቸኩላል። ተዋናዮቹም ትንሽ ቀጠን ባለ ድምፅ ያወራሉ።

ማረጋገጫው የደቂቃው ቁጥር ነው። የሲኒማውን ርዝመት በ0.96 አባዙት። «ሳይኮ» 109 ደቂቃ ነው፤ የፓል ዲቪዲው ላይ 104 ተጽፎ ታገኙታላችሁ። «ካዛብላንካ» ከ102 ወደ 98 ይወርዳል። ልዩነቱ እንዲህ ከሆነ ምንም አልተቆረጠም፤ ፈጥኖ ነው። አንዳንድ አምራቾች ፍጥነቱን ትተው የድምፁን ከፍታ ብቻ ወደ ቦታው የመለሱባቸው ዲስኮችም አሉ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ብሉሬይ ማግኘት ነው፤ አብዛኞቹ በ24 ስለሚሄዱ ችግሩ የለባቸውም። የአሜሪካ ዲቪዲም ምስሎችን እየደጋገመ ስለሚያሟላ የሙዚቃውን ቅኝት አይነካም። ሁለተኛው መንገድ ነፃ ነው። ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ የፊልም ማጫወቻ ክፈቱና ፍጥነቱን ወደ 0.96 አውርዱት። ከዚያ በፊት ግን የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ፍጥነት ሲቀየር ከፍታውን ባለበት የሚያቆየውን «ታይም ስትሬቺንግ» አጥፉት። ካላጠፋችሁት ሙዚቃው ዝግ ይላል እንጂ ቅኝቱ ወደ ቦታው አይመለስም።

ካሴት ለምታስታውሱ፦ ያኔ ከአሜሪካ የመጣ ካሴት እኛ ቲቪ ላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሲመጣ ተናድደን ነበር። ቀለሙ ቢጠፋም ሙዚቃው በትክክለኛው ቅኝት ላይ ነበር። ማን አስተዋለ!

4. የትኛውን ድምፅ እንደምትሰሙ ራሳችሁ ምረጡ

ዲስኩን ስትከፍቱ ማጫወቻው በራሱ አንዱን ድምፅ ይመርጥላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው 5.1 የሚባለውን፣ ድምፁን በዙሪያችሁ ላሉ አምስት ስፒከሮችና ለአንድ የወፍራም ድምፅ ስፒከር የሚያከፋፍለውን ነው። ገና ሳትጀምሩ «ኦዲዮ» የሚለውን ገጽ ክፈቱና ምን ምን እንዳለ እዩ። «ኦሪጂናል ሞኖ» የሚል ካለ፣ ምርጫዬ እሱ ነው።

ሰው «ሞኖ» ሲባል የተበላሸ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። የ1940ዎቹና የ50ዎቹ ፊልሞች አብዛኞቹ የተቀናበሩት ለአንድ ድምፅ ማጉያ ነው። ንግግሩ፣ የበሩ ድምፅና ቫዮሊኑ ማን ከማን ፊት እንደሚቆም በዚያ አንድ መስመር ላይ ተመዝኖ ያለቀ ነው። አምስት ስፒከር ላይ ሲበተን ያ ሚዛን ይፈርሳል። ሙዚቃው ከኋላ ይመጣል፣ ንግግሩ መሐል ብቻውን ይቀራል።

«ቨርቲጎ»ን ውሰዱ። በ1958 በርናርድ ኸርማን ሙዚቃውን ሲጨርስ የአሜሪካ ሙዚቀኞች አድማ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ቀረጻው ለንደን ተጀመረ። እዚያም አልሆነ፤ ወደ ቪየና ዞረ። የመራው ሚዩር ማቲሰን ነው እንጂ ኸርማን ራሱ አይደለም። ፊልሙ በ1996 ሲታደስ ባለሙያዎቹ ሙዚቃውን ከቀረጻው ቴፕ አግኝተው በስቴሪዮ አስገቡት። በጣም ያምራል። ነገር ግን የእግር ኮቴውን፣ የመኪናውንና የተኩሱን ድምፅ አዲስ መቅረጽ ነበረባቸው። ውጤቱ የ1958 ሰዎች በ1990ዎቹ ጫማ ሲራመዱ እንደ መስማት ነው። ሙዚቃውን ለመስማት አዲሱ፣ ፊልሙን ለማየት አሮጌው ሞኖ ይሻላል እላለሁ። ሁለቱም ያሉበትን ዲስክ ፈልጉ።

ከዚህ ደንብ አንድ ግልጽ የማወጣው ፊልም አለ፤ የአይዘንስታይን «አሌክሳንደር ኔቭስኪ»፣ 1938። የፕሮኮፊዬቭ ሙዚቃ ታላቅ ነው፤ የተቀረጸበት ድምፅ ግን ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። በ1995 ዩሪ ቴሚርካኖቭ የሚመራው የቅዱስ ፒተርስበርግ ፊልሃርሞኒክ ሙዚቃውን በሙሉ ዳግም የተጫወተበት የቪዲዮ እትም ወጣ። በበረዶው ላይ ያለውን ጦርነት በዚያ እትም የሰማ ሰው ወደ ቆርቆሮው መመለስ ይከብደዋል። እኔ አልተመለስኩም።

ድምፅ አልባ ፊልሞች ላይ ነገሩ ይለያል። ያኔ ሙዚቃው ፊልሙ ላይ አልተቀረጸም፤ ስለዚህ ዲስኩን ያወጣው ድርጅት ደስ ያለውን ሙዚቃ ሊለጥፍበት ይችላል። ጀርባው ላይ የሙዚቃ ደራሲውን ስም ፈልጉ። ለ1927ቱ «ሜትሮፖሊስ» የምትፈልጉት ስም ጎትፍሪድ ሁፐርትዝ ነው። ጠፋ ተብሎ የነበረው ረጅሙ ቅጂ በ2008 ቦነስ አይረስ ሲገኝ አዳሾቹ ትዕይንቶቹን በቅደም ተከተል ለመደርደር ከተጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ የእሱ የሙዚቃ ወረቀት ነበር። በ2010 የወጣው እትም ሙዚቃውንም ይዟል።

5. የቲቪውን ብልጠት አጥፉ

ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ማጫወቻው ወይም ቲቪው ውስጥ «ዳይናሚክ ሬንጅ»፣ «ዲአርሲ» ወይም «ናይት ሞድ» የሚል አለ። ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ እያደረገ ሁሉንም አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ለዜና ጥሩ ነው። ለኦርኬስትራ ግን መርዝ ነው፤ ሹክሹክታና ጩኸት አንድ ልክ ላይ ይገናኛሉ። አጥፉት። «ኦቶ ቮሊዩም»ንም እንዲሁ። «ሰራውንድ»፣ «ክሊር ቮይስ» እና መሰሎቻቸውን በሙሉ አጥፉ። ስፒከራችሁ ሁለት ብቻ ከሆነ የማጫወቻውን መውጫ ወደ ስቴሪዮ ቀይሩት።

ድምፁን ስትለኩ ሙዚቃውን አትከተሉ። ሁለት ሰዎች ረጋ ብለው የሚያወሩበትን ቦታ ክፈቱና ሰዎቹ ሳሎናችሁ ውስጥ ተቀምጠው የሚያወሩ እስኪመስል ድረስ ጨምሩ። ከዚያ ሪሞቱን አስቀምጡት። ሙዚቃው ሲመጣ ቢጮህም አትቀንሱ፤ እንዲጮህ ነው የተጻፈው።

6. ድምፁ የሚወጣበትን ነገር አስቡበት

ቀጭን ቲቪ ስፒከሩ ከሥር ወይም ከኋላ ነው። ድምፁ ግድግዳ መትቶ ነው የሚደርሳችሁ። ደብል ቤዝ ከዚያ አይጠበቅም። ቤት ውስጥ የቆየ ቴፕ ወይም ዴክ ሁለት ጥሩ ስፒከሮች ይዞ አቧራ እየጠጣ ከሆነ ገመድ ገዝታችሁ ከቲቪው ጋር አገናኙት። ብዙ ሳውንድባር ይረታል። እሱም ከሌለ ደህና ሄድፎን ይበቃል። እኔ ጎረቤቴ ጄኔሬተር ሲያስነሣ መጠጊያዬ እሱ ነው።

7. አሁን ስሙ፤ ልምምዱ በ«ሳይኮ» ላይ ነው

እስከ አሁን ያለው ዝግጅት ነበር። ዋናው ይህ ነው።

«ሳይኮ»ን የመረጥኩት ሙዚቃው በጣም ጥቂት ነገር ስለሚጠቀም ነው። ኸርማን በ1960 ይህን ሲጽፍ ጥሩምባ የለም፣ ከበሮ የለም፣ ዋሽንት የለም። ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ደብል ቤዝ ብቻ። ሁሉም ባለ አውታር፣ ሁሉም በቀስት የሚመታ። ማሲንቆ ለለመደ ጆሮ እንግዳ መሆን የለበትም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሙዚቃውም አንድ ቀለም ሆነ።

መጀመሪያ ማሪዮን የምትባለው ሴት የሰረቀችውን ገንዘብ ይዛ በመኪና የምትሸሽበትን ትዕይንት አግኙ። የመጨረሻውን ክፍል፣ ዝናቡ የሚጥልበትን፣ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። ምን አያችሁ? አንዲት ሴት መኪና ትነዳለች። መሪውን ይዛለች፣ ወደፊት ታያለች። ከሥራ ወደ ቤት እየሄደች ሊሆን ይችላል። ምንም አያስፈራም።

አሁን ወደኋላ መልሱትና ድምፁን ክፈቱ። መኪናው ያው፣ ፊቷ ያው ነው። ነገር ግን ቫዮሊኖቹ እንደ መጥረጊያው ጎማ ሳያርፉ ይመላለሳሉ። ከፊልሙ መጀመሪያ ስሞቹ ሲያልፉ የሰማችሁት ዜማ ነው የተመለሰው። ፍርሃቱ ያለው ምስሉ ላይ ሳይሆን እዚያ ነው። ሞቴሉ ጋ ስትደርስ ሙዚቃው የት ላይ እንደሚተዋት፣ የዝናቡ ድምፅ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሰማችሁ አስተውሉ።

በሦስተኛው ዙር ፊታችሁን ከቲቪው አዙሩ። ቀልዴን አይደለም። ወንበሩን አዙራችሁ ጀርባችሁን ስጡት። አሁን ከሙዚቃው ውስጥ አንድ መሣሪያ ብቻ ተከተሉ። ከታች ያለውን፣ ደብል ቤዙን። ከባድ ነው፤ ጆሮ ወደ ላይኛው ዜማ መሄድ ይወዳል። ሁለት ሦስቴ ሞክሩት።

ከዚያ ወደ ገላ መታጠቢያው ትዕይንት። የፊልሙ ዳይሬክተር ሂችኮክ ያንን ቦታ ያለ ሙዚቃ ነበር የፈለገው። ኸርማን ግን ጻፈለት። ሂችኮክም ሲሰማው ሐሳቡን ቀየረ። አሁን እዚህ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። በፊልሙ ውስጥ ሙዚቀኞቹ የመሣሪያዎቻቸው ድልድይ ላይ ትንሽ ማፈኛ ሰክተው ነው የሚጫወቱት፤ ድምፁ ደረቅና የታፈነ ይሆናል። ማፈኛው የሚነሣው ለዚህ ትዕይንት ነው። ስለዚህ ቫዮሊኖቹ ሲጮኹ የምትደነግጡት ስለጮኹ ብቻ አይደለም። እስከዚያ ድረስ አፋቸው ተይዞ ስለነበረ ነው። ለዚህ ነው ቁጥር 5 ላይ «ናይት ሞድ»ን አጥፉ ብዬ የተጨቃጨቅኩት። እሱ ካለ ልዩነቱ ይጠፋል።

ብሉሬዩ ላይ 5.1ም ሞኖም ስላለ ይህንኑ ትዕይንት በሁለቱም ሰምታችሁ ራሳችሁ ፍረዱ።

8. ሙዚቃ የሌለበትን ቦታ ፈልጉ

«ኪንግ ኮንግ»፣ 1933፤ እንደገና ስታይነር። ስሞቹ ሲያልፉ ሙዚቃው ይደምቃል። ከዚያ ፊልሙ ኒው ዮርክ ውስጥ ሲጀምር ዝም። ሰዎች ያወራሉ፣ መርከቡ ይነሣል፣ አሁንም ዝም። ሙዚቃው የሚመለሰው መርከቡ ጉም ውስጥ ገብቶ ወደ ደሴቲቱ ሲጠጋ ነው። ኒው ዮርክ ያለችው እውነተኛው ዓለም ውስጥ ነው፤ ሙዚቃ አያስፈልጋትም። ጉሙ ጋ ሕልሙ ይጀምራል።

ደሴቲቱ ላይ የጎሣው አለቃ ወደ እንግዶቹ ሲራመድ እግሩን ስሙ። ኦርኬስትራው እርምጃውን አንድ በአንድ ይከተለዋል። አዝማሪ በር ላይ እንግዳ ሲያይ ዜማውን ሳያቋርጥ ለእንግዳው እንደሚያዞረው ያለ ነገር ነው። ዛሬ ይህ አሠራር የካርቱን ይመስላል፤ ብዙ ሰውም ይስቅበታል። እኔ እወደዋለሁ።

9. ሙዚቃው ብቻውን ያለበትን ዲስክ አድኑ

ኢንተርኔት ላይ ያለው ፊልም የማይሰጣችሁ ነገር ይህ ነው። አንዳንድ ዲስኮች ላይ ንግግሩና ሌላው ድምፅ ተነሥቶ ፊልሙ ከኦርኬስትራው ጋር ብቻ የሚሄድበት መስመር አለ። «ሚውዚክ ኦንሊ» ወይም «አይሶሌትድ ስኮር» ተብሎ ይጻፋል። «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» በ2000 በወጣው ዲቪዲ ላይ አለው። «ቤን ኸር» በ50ኛ ዓመቱ ብሉሬይ ላይ የሚክሎሽ ሮዣን ሙዚቃ እንዲሁ ለብቻው ይዟል። ትዋይላይት ታይም የሚባለው ትንሽ አሳታሚ ደግሞ በዚህ ነበር የታወቀው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ፊልም 3,000 ቅጂ ብቻ እያወጣ። በ2020 ሥራውን አቁሞ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ዲስኮቹ በአብዛኛው ከሰው እጅ ነው የሚገኙት፣ በዋጋም አይቀመሱም።

አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ የ1938ቱን «ዘ አድቬንቸርስ ኦፍ ሮቢን ሁድ» ባለ ሁለት ዲስኩን ዲቪዲ እመክራለሁ። የሙዚቃው ደራሲ ኤሪክ ቮልፍጋንግ ኮርንጎልድ ነው። አይሁዳዊ ነበር፤ ቪየናም የሚታወቅ የኦፔራ ደራሲ ነበር። ለዚህ ፊልም ወደ ሆሊውድ በተሻገረ በሳምንታት ውስጥ፣ በመጋቢት 1938፣ ሂትለር ኦስትሪያን ያዘ። ኋላ ይህ ፊልም ሕይወቴን አተረፈ ይል ነበር። ሙዚቃው ግን ሐዘን የለበትም። ሰልፍ፣ ፍቅር፣ ጎራዴ ነው። ንግግሩን አጥፍታችሁ ስታዩት ንግግር እንደማያስፈልገው ይገባችኋል። የሮቢን ሁድ ፍቅረኛ ማሪያን ስትመጣ ዜማዋ ቀድሟት ይመጣል።

10. አልበሙ ፊልሙ አይደለም

ሙዚቃውን ወድዳችሁ አልበሙን ስትፈልጉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ለፊልሙ የተቀረጸው ነው ወይስ ዳግም የተጫወቱት? ኸርማን ራሱ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1975፣ የ«ሳይኮ»ን ሙዚቃ ለንደን ውስጥ ከናሽናል ፊልሃርሞኒክ ጋር ዳግም ቀርጾታል። ከፊልሙ ዝግ ያለ ነው። ያው ሰው፣ ያው ኖታ፣ ሌላ ነገር።

ዳግም የተቀረጸ ሁሉ ግን መጥፎ አይደለም። ቻርልስ ጌርሃርት በ1970ዎቹ ለሙዚቃ አሳታሚው አርሲኤ ያስቀረጻቸው የኮርንጎልድ፣ የስታይነርና የኸርማን አልበሞች እስከ ዛሬ የሚረታቸው ጥቂት ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሌላ አማራጭ የለም። የሆሊውዱ ፊልም ድርጅት ኤምጂኤም በ1970 ገደማ የኦርኬስትራ ኖታዎቹን ከማከማቸት ይልቅ መጣልን መረጠ፤ ቆሻሻ መቅበሪያ ገቡ። ኋላ እንግሊዛዊው የኦርኬስትራ መሪ ጆን ዊልሰን የብዙዎቹን ሙዚቃ ፊልሙን እያዳመጠ፣ መሣሪያ በመሣሪያ፣ እንደ አዲስ ጻፈው። ቁጥር 7 ላይ ደብል ቤዙን ስትከተሉ የደከማችሁ ይህን ሰው አስቡት።

11. ለቅዳሜ ማታ፦ «ሎውረንስ»

አሁን ትልቁን መክፈት ትችላላችሁ። በ1989 የታደሰውን፣ 227 ደቂቃ ገደማ የሚሆነውን ምረጡ። ፓል ከሆነ 218 ይላል።

መብራቱን አጥፉ። መክፈቻው ሲጀምር ማያው ይጨልማል፤ ቲቪው ደህና ነው። እንግዶች ካሉ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ያንን አራት ደቂቃ ዓይናችሁ ምንም ሳያገኝ ጆሯችሁ በረሃውን ይለምደዋል።

ኦማር ሸሪፍ ጉድጓዱ ጋ የሚመጣበትን ትዕይንት ጠብቁ። ከሩቅ አንድ ነጥብ፣ ከዚያ ጥላ፣ ከዚያ ሰው። እዚህ የዣር ኦርኬስትራ አንድም ኖታ አይጫወትም። የግመሉ ኮቴ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ሙዚቃ የያዘ ፊልም እዚህ ዝም ማለቱን ስታስተውሉ ጆሯችሁ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።

መሐል ላይ እረፍት አለ። ቡናው ያኔ ይቅረብ፤ ነገር ግን ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሩ በፊትም ሙዚቃ ስላለ ሲኒውን ይዛችሁ ቶሎ ተመለሱ። መጨረሻ ላይም እንዲሁ፤ ምስሉ ካለቀ በኋላ መውጫ ሙዚቃ ይቀጥላል። በኢንተርኔት የምታዩ ከሆነ «ኦቶፕሌይ» የሚለውን አስቀድማችሁ አጥፉት፤ አለዚያ ገና ሳያልቅ ሌላ ፊልም ይከፍትባችኋል።

ሪሞቱን እኔ ቡፌው አናት ላይ ነው የማስቀምጠው። የአክስቴ ልጅ ቁመቱ አይደርስበትም።